ያበጠ እግር እንዴት ይያዛል? ዝሆኔን በቤት ውስጥ መንከባከብ

እግሩ ለዓመታት ያበጠ ሰው በቤታችሁ ካለ፣ እብጠቱን ለጊዜው ተዉትና የእግሩን ጣቶች መሃል እዩ። በተለይ በትንሿ ጣትና ከአጠገቧ ባለችው መካከል ያለውን ቆዳ ፈልቅቃችሁ እዩ። ነጭ ብሎ ረጥቧል? ተልጧል? ቀጭን ስንጥቅ አለው? ሰውየውን በየጊዜው በትኩሳትና በብርድ ብርድ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚያች ስንጥቅ ነው።

ይህ መመሪያ ስለ ዝሆኔ ነው። የሊምፍ መስመር ተጎድቶ እግር ወይም እጅ አብጦ ሲቀር ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ደረጃ በደረጃ ይናገራል። የሚያስፈልገው አብዛኛው ዕቃ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ቢኖር ብዙ ሰው ይህን አንድ ቀን እንኳ የሚነግረው ሳያገኝ ዓመታት ማለፋቸው ነው።

እብጠቱ ከየት ይመጣል?

ከደም ሥሮቻችን ጎን ለጎን ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ የሚጓዝባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋ መካከል የሚቀረውን ፈሳሽ ይሰበስባሉ። ብሽሽት፣ ብብትና አንገት ላይ ባሉት እጢዎች በኩል አሳልፈው መልሰው ወደ ደም ያስገቡታል። ጀርም የሚዋጉ የሰውነት ሴሎችም የሚመላለሱት በዚሁ መስመር ነው። መስመሩ ሲጎዳ ፈሳሹ እግር ላይ ይጠራቀማል፣ እግሩም ጀርምን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ቆዳው በተሰነጠቀ ቁጥር ባክቴሪያ ይገባል፣ እግሩ ይቆጣል፣ ቁጣው ደግሞ የቀሩትን ቧንቧዎች ይጎዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግርሻት ካለፈ በኋላ እግሩ ከበፊቱ ትንሽ ወፍሮ ይቀራል።

በአገራችን ደጋና ወይናደጋ ዋናው መንስኤ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበትና ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ አካባቢ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄዱና የሚያርሱ ሰዎችን ይይዛል። ጎጃም፣ ወለጋ፣ ወላይታና ሲዳማ በደንብ ያውቁታል። በአፈሩ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች በቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎቹን ያስቆጣሉ፣ በመጨረሻም ይዘጓቸዋል። አፈሩ ከበሽታው ጋር ያለውን ግንኙነት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ በጥልቀት ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። በአገሪቱ በዚህ በሽታ የተያዘው ሰው ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል።

በቆላው፣ ለምሳሌ ጋምቤላ፣ ሌላ መንስኤ አለ። ትንኝ የምታስተላልፈው ክር መሰል ትል ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ አንድ እግር ላይ ይበረታል፣ ወደ ጭን ይወጣል፣ ወንዶች ላይ ደግሞ የዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ ውኃ እንዲቋጠር ያደርጋል። የአፈሩ ግን ከእግር መዳፍና ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ አንዱ ከሌላው ቢብስም። ለትሉ በዓመት አንዴ በዘመቻ የሚታደል መድኃኒት አለ፣ መውሰድ ይገባል። ለአፈሩ ዝሆኔ ግን ያ መድኃኒት አይሠራም። የእግር እንክብካቤው ለሁለቱም አንድ ነው።

አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር። የአፈሩ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ ጫማ በመዋዋስ አይያዝም። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመው ሰውነታቸው ለአፈሩ ብናኝ በተፈጥሮው ስለሚቆጣ ነው። ከዚያ ቤተሰብ የተወለደ ልጅም እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ አይታመምም። እርግማን ነው፣ መጋኛ ነው እየተባለ ስንት ትዳር ፈርሷል፣ ስንት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቷል።

መጀመሪያ፦ እብጠቱ የሊምፍ መሆኑን ማረጋገጥ

እግር የሚያብጠው በብዙ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሳፋ ከማቅረባችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መታየት አለባችሁ። በቤት ውስጥ ፍንጭ የሚሰጥ ቀላል ፍተሻም አለ። ከአውራ ጣቱ ቀጥላ ያለችውን የእግር ጣት ያዙና በሥሯ፣ ከላይ በኩል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ለማንሳት ሞክሩ። ጤነኛ ቆዳ በቀላሉ ይነሳል። ወፍሮ አልቆነጠጥ ካለ የሊምፍ እብጠት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ቆዳው ከተነሳ ግን አይደለም ብላችሁ አትደምድሙ፤ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ግን ቀጠሮ የማይሰጡ ናቸው። አንድ እግር በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ አብጦ ባቱን ካመመ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ሁለቱም እግር አብጦ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ተኝቶ መተንፈስ ካስቸገረ ልብ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ሲነሱ ፊት የሚያብጥ ከሆነ ኩላሊት ይመረመር። እግሩ ላይ የመደንዘዝ ስሜት ካለ፣ ቁስሉም የማያም ከሆነ የስኳርና የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ሳያረጋግጥ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ይውጣል። ለልብና ለኩላሊት እብጠት በሐኪም ትእዛዝ ይጠቅማል፤ የሊምፍ እብጠትን ግን አያጎድልም። ጨውና ውኃ ከሰውነት አውጥቶ ሰውየውን ያደክመዋል እንጂ።

ሁለተኛ፦ መለካት

የልብስ ሰፊ ሜትር ካላችሁ የእግሩን መሃል፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያም ባቱን ዙሪያውን ለኩና ጻፉ። ሜትር ከሌለ ክር ይበቃል። ዙሪያውን አስለክታችሁ በየቦታው ቋጠሮ ሥሩበትና አስቀምጡት። በየወሩ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢቻል ጠዋት ከመኝታ እንደተነሱ ለኩ። ማታ ማታ እግር ስለሚከብድ የጠዋቱን ከማታው ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ደረጃውንም ማወቅ ጥሩ ነው። ሌሊት ተኝቶ ሲነሳ እብጠቱ ጨርሶ የሚጠፋ ከሆነ ገና መጀመሪያው ነው፤ በዚህ ጊዜ የያዘው ሰው እግሩን መልሶ የማግኘት ዕድል አለው። አድሮም የማይጠፋ ከሆነ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ጠጣር ጉብታ ሲያወጣ፣ ከጉልበት ሲያልፍ፣ በመጨረሻም መገጣጠሚያው አልታጠፍ ሲል እየከበደ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ ሽታው፣ ቁስሉና ትኩሳቱ የማይቀንስበት ደረጃ የለም።

ሦስተኛ፦ ማጠብ

ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ እሄዳለሁ። በየቀኑ፣ ማታ ከሥራ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ሳፋው እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚት በላይ የሚያስገባ ይሁን። ውኃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን እንጂ ትኩስ አይሁን። ትኩስ ውኃ እብጠቱን ያባብሰዋል፤ የመደንዘዝ ስሜት ያለበት ሰው ደግሞ ሳያውቀው ይቃጠላል።

መጀመሪያ በሳሙና ታጠቡ። ጠረን የሌለው የገላ ሳሙና ይሻላል። ከሌለ ማንኛውም ሳሙና ከምንም ይበልጣል፤ ኦሞ ግን ቆዳ ያደርቃልና ተዉት። በለስላሳ ጨርቅ ወይም በእጅ ከጉልበት ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። በብሩሽ፣ በድንጋይ፣ በቃጫ አትፈትጉ። ቆዳው የተጣጠፈበትን እያንዳንዱን መስመር ገልጣችሁ አጽዱ። ጉብታ ካለ በጉብታዎቹ መካከልም እንዲሁ። ከዚያ ጣቶቹ ላይ ስትደርሱ ጊዜ ስጡ። እግሩ በጣም ካበጠ ጣቶቹ ስለሚጣበቁ የእናንተ ጣት አይገባም። ንጹሕ ስስ ጨርቅ ቀደድ አድርጋችሁ፣ እርጥብ አድርጋችሁ ሳሙና ቀቡና በጣቶቹ መሃል በቀስታ ወዲያና ወዲህ አሳልፉት። ጨርቁ ቆሽሾ ይወጣል። ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት። ከዚያ ሳሙናው ሁሉ እስኪሄድ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፤ በጣት መሃል የቀረ ሳሙና ራሱ ቆዳ ያሳክካል።

ቀጥሎ መዘፍዘፍ። 6 ሊትር ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በረኪና ጨምሩ። ይህ ልክ 5 በመቶ ለሆነ በረኪና ነውና ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። እግሩን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ከዚህ በላይ በረኪና መጨመር ቆዳውን ያቃጥላል እንጂ ቶሎ አያድንም። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ ሳይበርዝ ቆዳ ላይ አታፍስሱ። ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙ ካልፈቀደለት መዘፍዘፉን ይተወው፤ ማጠቡና ማድረቁ ይበቃዋል።

ከዚያ ማድረቅ። ብዙ ሰው በጥንቃቄ ታጥቦ እዚህ ላይ ይቸኩላል። ፎጣው ለእግር ብቻ የተለየ ይሁን፣ በየቀኑ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። እየጫናችሁ ውኃውን አስመጥጡ እንጂ አትፈትጉ። ለጣቶቹ መሃል ደግሞ ደረቅ ስስ ጨርቅ ወይም ሶፍት አስገብታችሁ ትንሽ አቆዩ። ረጥቦ ከወጣ ሌላ ደረቅ አስገቡ። እዚያ እርጥበት ካደረ ፈንገስ ይበቅላል፣ ፈንገሱ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል።

በመጨረሻ ቅባት። ቫዝሊን እግሩ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ተረከዝ ላይ ንቃቃት ካለ ጠቀም አድርጉ። በጣቶች መሃል ግን ቫዝሊን አይገባም። ነጭ ብሎ የተላጠ ከሆነ ጤና ጣቢያ አሳይታችሁ የፈንገስ ቅባት ይታዘዝላችሁ። ጥፍሩ አጭር ይሁን፣ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። ሥጋው ውስጥ ገብቶ መቁረጥ አዲስ በር መክፈት ነው።

በዚህ ሁሉ ብዙ እንደሚለወጥ በምሥራቅ ጎጃም የተሠራ ጥናት አሳይቷል። 696 የፖዶኮኒዮሲስ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሲሆን ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እንክብካቤውን ዘግይተው እንዲጀምሩ የተደረጉት የእግሩ ቁጣ በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ገደማ ይነሳባቸው ነበር። ማጠቡን፣ ቅባቱን፣ ፋሻውንና ጫማውን የጀመሩት ደግሞ 19 ጊዜ ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ግን በእያንዳንዱ ግርሻት ገበሬ ለቀናት ከእርሻው ይቀራል፣ እናትም ከምድጃዋ።

አራተኛ፦ ከፍ ማድረግ፣ ማንቀሳቀስ፣ መጠቅለል

ስትቀመጡ እግሩን ዱካ ወይም በርጩማ ላይ አሳርፉት። ስትተኙ ከፍራሹ ሥር፣ በእግር በኩል፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉ። ከትራሱ ይልቅ ይህ ይሻላል፤ ትራስ ሌሊት ይንሸራተታል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ እግሩን ከፍ አድርጎ አይተኛ።

የሊምፍ ቧንቧ እንደ ልብ የሚገፋው ትልቅ ፓምፕ የለውም። የጡንቻ እንቅስቃሴ በጣም ያግዘዋል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍ፣ ማዞር፣ በጣቶች ጫፍ ቆሞ መውረድ፤ እነዚህን በቀን ውስጥ በየአጋጣሚው አድርጉ። ቡና እየተቆላም ይሆናል። መራመድም መልካም ነው። ለረጅም ሰዓት መቆም ወይም እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ ግን ይጎዳል።

ፋሻ የሚጠቅመው እብጠቱ ገና ለስላሳ ሲሆን ነው። ይህንን ግን ከባለሙያ ሳትማሩ አትጀምሩ። ፋሻው ብዙ የማይለጠጥ ዓይነት ይሁን። ጠዋት፣ እግሩ ገና ሳይከብድ፣ ከጣቶች ሥር ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠቅልሉ። እያንዳንዱ ዙር የበፊቱን ግማሽ ይሸፍን። ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ላላ ይበል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ፍቱ። ማታ ይፈታል፣ ይታጠባል። የልብ ድካም፣ የደም ሥር መጥበብ ወይም ትኩስ ኢንፌክሽን ላለበት ሰው ፋሻ አይደረግም።

ሲነሳበት

ድንገት ብርድ ብርድ ይለዋል። ትኩሳት ይመጣል፣ ራስ ያማል። እግሩ ይግላል፣ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ መንካት አይቻልም። ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል። ብዙ ጊዜ «ምች ነው» ይባላል። እግሩ ግን በባክቴሪያ ተቆጥቷል።

ፋሻ ካለ ይፈታ። ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል። በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ የተነከረ ጨርቅ እግሩ ላይ ይደረግ፣ ሲሞቅ ይቀየር። ብዙ ውኃ ይጠጣ። ለሕመሙና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይወሰድ። እግሩን በቀስታ ማጠብ ይቻላል፤ እንቅስቃሴው ግን እስኪሻለው ይቁም። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ አንቲባዮቲክ ከታዘዘ እስከ መጨረሻው ይዋጥ። ትኩሳቱ በጣም ከፍ ካለ፣ ከዘባረቀ፣ ካስመለሰው ወይም እግሩ መግል ከያዘ ሆስፒታል ነው።

አትሽጉ። አትብጡ። አትተኩሱ። ቅጠል ወቅጣችሁ አትለጥፉ። በምላጭ የተበጣ እግር የሚፈሰው ደም እብጠቱን አያጎድልም፤ ለባክቴሪያው አዲስ መግቢያ ይከፍታል። ጸበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ ማንም አይከለክለውም። ጫማውን አድርጎ ይሂድ፣ ሲመለስ እግሩን ይታጠብ፣ ያድርቅ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ።

ዳር ዳሩን ጠጥሮ ጫማ የሚከለክል ጉብታ ካለ በቀዶ ሕክምና ሊነሳ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጫማ የማያደርግና እግሩን የማይጠብቅ ሰው ላይ ግን ተመልሶ ያብጣል።

እጅ ሲያብጥ

የጡት ካንሰር ታክመው የብብት እጢ የወጣላቸው ወይም ጨረር የወሰዱ እህቶቻችን እጃቸው ሊያብጥ ይችላል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ። ቀለበት ሲጠብ፣ የልብስ እጅጌ ሲያጨናንቅ ወይም እጁ ሲከብድ ቶሎ ለሐኪም መናገር ነው። መሠረቱ ያው ነው፦ ቆዳን ማጽዳት፣ ማለስለስ፣ ከመቆረጥና ከመቃጠል መጠበቅ። ለምድጃና ለአትክልት ሥራ ጓንት አድርጉ። ዕቃ ማንሳት ጨርሶ ክልክል አይደለም፤ ከቀላል ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል። በውጭ አገር ያላችሁ ሐኪማችሁ የሊምፍ እብጠት ወደሚያክም ባለሙያ እንዲልካችሁ ጠይቁ፤ በልካችሁ የተሠራ ጠበቅ የሚል እጅጌም ይታዘዛል።

ጫማ

ካልሲው ከጥጥ ይሁን፣ በየቀኑ ይቀየር። ጫማው የተሸፈነ፣ ሰፊና ውስጡ ለስላሳ ይሁን። የላስቲክ ጫማ አፈር ይከለክላል፤ ግን ያልባል፣ ጠርዙም ይልጣል። ሌላ ከሌለ ከካልሲ ጋር ይደረግ፣ ማታ ይታጠብና ይድረቅ። ለትልቅ እግር የሚሆን ጫማ ገበያ ላይ አይገኝም። ወላይታ ሶዶና ደብረ ማርቆስን በመሰሉ ከተሞች ለታማሚዎች የሚሠሩ ድርጅቶች በልክ ጫማ ሲሰፉ ቆይተዋል። በአካባቢያችሁ ካለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታውቃለች፣ ጠይቋት። ከሌለም የሰፈሩ ጫማ ሰፊ እግሩን በወረቀት ላይ አሥሎ ከቆዳና ከሸራ ሊሠራው ይችላል።

በቤቱ ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ መራመድ ከጀመሩ ጀምሮ ጫማ ያድርጉ። ለትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ ከብት ሲጠብቁ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ እርሻ ሲወርዱም። ማታ ማታ እግራቸው በሳሙና ይታጠብ። ቤታችሁ መሬቱ አፈር ከሆነ ሰሌን ወይም ምንጣፍ አንጥፉ፤ ብናኙ እቤት ውስጥም አለና።